ቁጥር አንድ ኮንስታብል
የለንደን ከተማ ፖሊስ ምልምሎቹን እንዴት እንደ መረጠ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



በከተማ የሚኖር ሰው ማታ በሩን ዘግቶ ሲተኛ ከደጁ ውጭ አንድ የማያውቀው ሰው ነቅቶ እንደሚዞርለት ልብ አይለውም፤ እንቅልፉም የሚጥመው ስለማያስበው ነው። ነገር ግን ያ ሌሊቱን የሚዞረው ሰው ማን ነው? ማንስ መረጠው? ደንብ ልብሱን ከመልበሱ በፊት ምን ነበረ? ከለበሰውስ በኋላ ምን እንዲሆን ተጠየቀ? የዛሬው ንግግራችን እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ለንደን ከተማ ይሄዳል። ደመወዙን ከሕዝብ ገንዘብ የሚቀበል፣ ጠባዩ ተመርምሮ የሚቀጠር የከተማ ፖሊስ ሲቋቋም፣ ብዙ አገሮች እንደ አርአያ የተመለከቱት ይህን ከተማ ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

ከ1829 ዓ.ም. በፊት ለንደንን የሚጠብቃት አንድ ኀይል አልነበረም። እያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን የሌሊት ዘበኛ ይቀጥር ነበር። ከነዚህም ዘበኞች ብዙዎቹ በሌላ ሥራ ለመኖር ዐቅም ያነሣቸው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ፋኖስና በትር ይዘው ሰዓቱን እየጠሩ ከመዞር የሚያልፍ ነገር ይሠራሉ ተብሎም አይታሰብም ነበር። ኮንስታብል የሚባለውም ሹመት ነዋሪዎች በየተራቸው ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ የሚሸከሙት ግዴታ ስለ ነበረ፣ ሀብት ያለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ምትክ ያቆም ነበር። በ1749 ዓ.ም. ዝነኛው ደራሲና ዳኛ ሄንሪ ፊልዲንግ በቦው ስትሪት ፍርድ ቤት ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ ሌቦችን ማሳደድ ቢጀምርም፣ ቍጥራቸው ለዚያ ትልቅ ከተማ የሚበቃ አልነበረም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ ሌባ አዳኙ ሽልማት የሚያገኘው ሌባው ተይዞ ሲፈረድበት እንጂ ሌብነቱ ሲቀር አለመሆኑ ነበር። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚሉት፣ የከተማዪቱ ጥበቃ ሁሉ ከጥፋቱ በኋላ የሚመጣ ነበር።

ሁከት በተነሣ ጊዜስ? ያን ጊዜ የሚጠራው ወታደር ነበር። በ1780 ዓ.ም. የጎርደን ሁከት የተባለው ለንደንን ለቀናት ሲያቃጥላት ወታደር ገብቶ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ። በ1819 ዓ.ም. ደግሞ በማንቸስተር ከተማ፣ መብት ለመጠየቅ በሜዳ ላይ ተሰብስቦ በነበረው ሕዝብ መካከል ፈረሰኞች ጐራዴ መዝዘው ገቡበት፤ ከዐሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቈጠሩትም ቈሰሉ። እንግዲህ መንግሥት በእጁ የነበረው ከሁለት አንዱ ብቻ ነበር፤ ወይ ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ፣ ወይ ጐራዴ የመዘዘ ፈረሰኛ። በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የእንግሊዝ ሕዝብ ፖሊስ የሚባል ነገር እንዲቋቋምበት አልፈለገም። ምክንያቱም ፖሊስ ሲባል የሚታሰበው በፈረንሳይ አገር እንደሚወራው ያለ፣ በየቤቱ ጆሮውን የሚያስገባ ሰላይ ነበር። በ1822 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመረው የፓርላማ ኮሚቴ እንኳ እንዲህ ያለውን ኀይል ከሕዝብ ነፃነት ጋር ማስማማት አይቻልም ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት የአገር ግዛት ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ፒል ግን አሳቡን አልተወም፤ ሰባት ዓመት ያህል ታግሦ በ1829 ዓ.ም. የለንደን ፖሊስ ሕግ በፓርላማ እንዲጸድቅ አደረገ። በጥንታዊው የከተማው እምብርት የሚገኘው ክፍል ብቻ በራሱ አስተዳደር ሥር ቀረና በ1839 ዓ.ም. የራሱን ፖሊስ አቋቋመ።

ፒል ሥራውን ለሁለት ሰዎች አደራ ሰጠ። አንደኛው በዋተርሉ ጦርነት የቈሰለው ኮሎኔል ቻርልስ ሮዋን ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና የ32 ዓመት ጐልማሳ የነበረው አየርላንዳዊው የሕግ ዐዋቂ ሪቻርድ ሜን ነበረ። አንዱ የወታደርን ሥርዐት ያውቃል፤ ሌላው የሕግን ወሰን ያውቃል። ጽሕፈት ቤታቸው በኋይትሆል ፕሌስ በቁጥር 4 ቤት ተከፈተ፤ የቤቱም የጓሮ በር ግሬት ስኮትላንድ ያርድ ወደሚባለው ስፍራ ይወጣ ስለ ነበረ፣ ዛሬ በዓለም የታወቀው የስኮትላንድ ያርድ ስም ከዚያ መጣ።

እንግዲህ ከሁሉ የሚያስቸግረው ሥራ ቀረባቸው፤ ይኸውም ሰው መምረጥ ነው።

ለምልምልነት የሚያመለክት ሰው ዕድሜው ከ35 ዓመት ያላለፈ፣ ቁመቱ ከ5 ጫማ ከ7 ኢንች ያላነሰ፣ ጤናው የተሟላ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ስለ መልካም ጠባዩም የሚመሰክሩለት ሰዎች ያሉት እንዲሆን ተወሰነ። ደመወዙ በሳምንት 21 ሽልንግ ነበረ፤ ይህም ሀብታም የሚያደርግ ሳይሆን የቀን ሠራተኛን ከኑሮ መናወጥ የሚያድን ያህል ነው። ያመለከቱትም አብዛኞቹ የጕልበት ሠራተኞች ነበሩ፤ ከነርሱም ቀጥሎ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ወታደሮች፣ ጫማ ሰፊዎች፣ የቤት አሽከሮች፣ ሥጋ ሻጮች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ አናጢዎችና ጸሓፊዎች ይገኙ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ የሚደነቅ ነገር አለ። ፒል የጌታ ልጆችንና ባለ ማዕርግ መኰንኖችን በፖሊሱ አለቅነት ለማስቀመጥ አልወደደም፤ እነርሱ ሥራውን ከክብራቸው በታች አድርገው ይቈጥሩታልና። አለቅነት የሚገኘው ከታች ጀምሮ በሥራ በመፈተን እንዲሆን ወሰነ። ለኮንስታብሎቹ በወጣውም መመሪያ፣ ማናቸውም ሰው በትጋቱና በጠባዩ ወደ ላይኛው ማዕርግ ለመድረስ ተስፋ እንዳለው ተገለጠላቸው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሥራ በዘመድና በትልቅ ሰው ደብዳቤ ይገኝ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደ ነበረ ይረዳዋል። ደጅ ጥናት የሚያውቅ አንባቢም ሳይነግሩት ያስተውለዋል።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1829 ዓ.ም. ምሽት አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ለንደን ጐዳናዎች ተሰማሩ። ከነዚህ መካከል የመጀመሪያውን የሹመት ቁጥር፣ ቁጥር 1ን የተቀበለው ዊልያም አትኪንሰን የተባለ ሰው ነበረ። ታሪክ ስሙን ያስቀረለት ግን ስለ ጀግንነቱ አይደለም። በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሰክሮ ተገኘና ከሥራው ተባረረ። ቁጥር 2ን የተቀበለውም ጓደኛው በዚያው በስካር ጥፋት ተሰናበተ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ምሽት የነዚያን ሁለት ኮሚሽነሮች ልብ አስበው። ጋዜጣው ሁሉ ጥፋታቸውን እየጠበቀ፣ ሕዝቡ እየጠላቸው፣ የመጀመሪያው ሰው በመጀመሪያው ቀን ወደቀባቸው። ጥፋቱን ሸፍኖ ሰውየውን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ይቻል ነበር፤ «የመጀመሪያው ነውና እንለፈው» ማለትም ይቻል ነበር። እነርሱ ግን አባረሩት። ከዚያም በኋላ የሰከረውን፣ በሥራው ላይ የተኛውን፣ ጉቦ የተቀበለውን፣ በሕዝብ ላይ የባለገውን ያለ ማወላወል ማሰናበት ቀጠሉ። በሜይ 1830 ዓ.ም. በሥራ ላይ ከነበሩት 2,800 ኮንስታብሎች መካከል ከአራት ዓመት በኋላ የቀሩት 562 ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ አራቱ፣ አንዳንዱ ተባርሮ አንዳንዱም ሥራው ከብዶት ሄደ ማለት ነው። እንግዲህ የለንደን ፖሊስ በአንድ ሌሊት አልተሠራም፤ ስንዴ በወንፊት እንደሚነፋ፣ ብዙ ተነፍቶ ጥቂት ቀረ።

ለቀረውስ ምን ታዘዘለት? መመሪያው የሚጀምረው የፖሊስ ዋና ሥራ ወንጀል እንዳይሠራ መከላከል መሆኑን በመናገር ነው። ስለዚህም ጥሩ ፖሊስ የሚመዘነው በያዛቸው ሌቦች ብዛት ሳይሆን በአካባቢው ስርቆት በመጥፋቱ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የኛ አነጋገር አሳቡን በሙሉ ይይዘዋል። ቀጥሎም መመሪያው ለኮንስታብል ቍጣውን እንደ መግዛት ያለ አስፈላጊ ነገር እንደሌለ ያስጠነቅቃል፤ ቢሰድቡት እንዳይናደድ፣ ቢያስፈራሩት እንዳይነቃነቅ፣ ለትልቁም ለትንሹም በትሕትና እንዲመልስ ያዝዘዋል። ማንበብ መቻሉና ቁመቱ በአንድ ቀን ይመረመራል፤ ይህኛው ፈተና ግን በየሌሊቱ ይደገማል።

ልብሱ እንኳ በዚሁ አሳብ የተመረጠ ነበር። የወታደሩ ቀሚስ ቀይ ስለ ነበረ የፖሊሱ ሰማያዊ ሆነ፤ የወታደር ቆብ በመጫን ፈንታ ማንኛውም የከተማ ሰው እንደሚያደርገው ያለ ረጅም ባርኔጣ አደረገ። ዐንገቱን አንቀው እንዳይጥሉት ከኮሌታው ሥር ወፍራም የቆዳ መታጠቂያ ያስር ነበር። መሣሪያው በልብሱ ጅራት ኪስ የተሸሸገች የእንጨት ቆመጥ ነበረች፤ ባልንጀሮቹን ለመጥራትም ሲያሽከረክሯት የምትጮኽ የእንጨት ማንኳኪያ ይይዛል። ጠብመንጃ አልተሰጠውም። በኮሌታው ላይ ግን የክፍሉ ፊደልና የራሱ ቁጥር ተጽፎ ይታይ ነበር። ይህች ቁጥር ትንሽ ነገር አይደለችም፤ የተበደለ ሰው ስሙን ባያውቅ እንኳ ቁጥሩን ይዞ ይከሰው ዘንድ ነውና። ከዚህ ሌላ ኮንስታብሉ ወገን እንዳይለይ ተብሎ እስከ 1887 ዓ.ም. ድረስ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አልነበረውም።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ አይቶ ወዲያውኑ ወደዳቸው እንዳንል እውነቱ ይከለክለናል። በሜይ 1833 ዓ.ም. በኮልድ ባዝ ፊልድስ ፖሊሶች አንድን የሠራተኞች ስብሰባ ለመበተን በገቡ ጊዜ ሮበርት ካሊ የተባለ ኮንስታብል በስለት ተወግቶ ሞተ። የአሟሟቱን ነገር እንዲመረምሩ ከሕዝብ የተመረጡት ሰዎች ግን ፖሊሶቹ በጭካኔ ገብተዋል፣ ሕዝቡም እንዲበተን በሕግ የታዘዘው ማስጠንቀቂያ አልተነበበም በማለት ገዳዩ በደል እንደሌለበት ፈረዱ፤ ሕዝቡም በደስታ አጨበጨበላቸው። ያ ፍርድ በኋላ ቢሻርም የሕዝቡን ልብ ገልጦ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ ሳጅን ደንብ ልብሱን አውልቆ፣ አባል መስሎ ከሠራተኞች ማኅበር ገብቶ ሲሰልል እንደ ነበረ ታወቀ። የፓርላማ ኮሚቴ ሥራውን አወገዘ፤ ሳጅኑም ተባረረ። ሕዝቡ ከመጀመሪያው የፈራው ነገር ከንቱ አለመሆኑ ታየ፤ ነገር ግን ጥፋቱ ተደብቆ አልቀረም፣ በአደባባይ ተመረመረ እንጂ። በሚከተለው በ1834 ዓ.ም. ሌላ የፓርላማ ኮሚቴ ይህ ፖሊስ ለአገሪቱ እጅግ ጠቃሚ መሆኑን መሰከረለት። በጊዜ ብዛት ሕዝቡ በመሥራቹ በሮበርት ፒል ስም «ቦቢ» ብሎ ጠራው፤ ለስድብ ሳይሆን ለማቈላመጥ።

አንድ ጉድለት ግን ለብዙ ዘመን ቀረ። ምልምሉ ጥቂት የሰልፍ ትምህርት ከተማረ በኋላ የቀረውን ሙያ የሚማረው በጐዳና ላይ ከቀደመው ባልደረባው ነበረ። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ከተማ፣ የፖሊስ አለቃው ኦገስት ቮልመር በ1908 ዓ.ም. ለፖሊሶቹ ትምህርት ቤት ከፈተ። በለንደንም በ1907 ዓ.ም. በፒል ስም የተጠራ የምልምሎች ማሠልጠኛ ቤት ተከፍቶ ነበር። ሴቶችም በ1919 ዓ.ም. በለንደን ፖሊስ ውስጥ መሥራት ጀመሩ። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ የተጨመረው ምርጫው ከጸና በኋላ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በአገራችን በአዲስ አበባ ቀድሞ ጸጥታ ይጠብቅ የነበረው የአራዳ ዘበኛ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ እንደ አገራችን አቈጣጠር በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት የእንግሊዝ የፖሊስ መኰንኖች እንዲረዱ ሆነ፤ ከዚያም የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ተቋቋመ፤ ኋላም አባዲና የፖሊስ ኮሌጅ ተከፍቶ አያሌ መኰንኖችን አወጣ። ኮንስታብል የሚለውም ማዕርግ በቋንቋችን የገባው የዚህ ታሪክ ዘመድ ሆኖ ነው።

ክቡራን አንባብያን፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ስለሆነ ይህ ታሪክ የፖሊስ ብቻ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን አነጋገር ያላደመጠ ሰው በመካከላችን የለም። ሮዋንና ሜን በዚህ አነጋገር የሚያምን ሰው ደንብ ልብስ እንዳይለብስ ለማድረግ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ሮዋን እስከ 1850 ዓ.ም.፣ ሜን ደግሞ እስከ ሞተበት እስከ 1868 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ ሥራ ላይ ነበሩ። እነርሱ ያወቁት ነገር ይህ ነው፤ ሥልጣን ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ይሰጣል፤ የሕዝብ እምነት ግን በአንድ ቀን አይሰጥም፣ በአንድ ምሽት ስካር ግን ይጠፋል። ነገ ማለዳ ከጽሕፈት ቤታችሁ ደጅ አንድ ባለ ጉዳይ ቆሞ ብታገኙት፣ ቁጥራችሁ በኮሌታችሁ ላይ ባይጻፍም እርሱ እንደሚያነበው አስቡ።