በእዝነ ልቡና መስማትን ለሕፃናት ስለ ማስተማር

ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የእናቱን መልክ በልቡ ማየት እንደሚችል ሁሉ፥ አፉን ዘግቶ፥ ዙሪያውም ጸጥ ብሎ ሳለ፥ የሚያውቀውን ዜማ በልቡ መስማት ይችላል። ይህ በእዝነ ልቡና መስማት ነው። ቤትሆቨን ዘጠነኛው ሲምፎኒው በ1824 በቪየና ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ጆሮው ተደፍኖ ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በጆሮው የሰማውን እርሱ አስቀድሞ በልቡ ሰምቶት ነበር። ብዙ ሰው ይህንን ሲያዳምጥ «ይህስ የታላላቆች ጸጋ ነው» ይላል። ታሪክ የሚያስረዳን ግን ችሎታው በትምህርት ለማንኛውም ሕፃን ሊደርስ እንደሚችል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ11ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር በአሬጾ ከተማ ጊዶ የሚባል መነኩሴ ነበረ። በዚያ ዘመን ልጆች የቤተ ክርስቲያንን ዜማ የሚማሩት ከመምህራቸው አፍ እየሰሙ ነበር፤ ስለዚህም መምህር በሌለበት ያልሰሙትን ዜማ ሊያዜሙ አይችሉም ነበር። ጊዶ እንደ ጻፈው ዐሥር ዓመት የደከመ ተማሪ እንኳ ዕውቀቱ ጎደሎ ነበር። እርሱም ስለ መጥምቁ ዮሐንስ የተደረሰ አንድ መዝሙር መሣሪያው አደረገ። የዚህ መዝሙር ስድስት ሐረጎች እያንዳንዳቸው ከቀደመው ሐረግ አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ይጀምራሉ። ከየሐረጉም መነሻ ኡት፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ የሚሉት ስሞች ወጡ፤ ኡት የሚለው ኋላ ዶ ተባለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የጊዶ ብልሃት የተመሠረተው በልጁ ልቡና ላይ ነው። ልጁ አዲስ ዜማ ሲገጥመው፥ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት ያንን የሚያውቀውን መዝሙር ያስታውሳል፤ የሐረጉን መነሻ በልቡ ሲሰማም የሚፈልገውን ድምፅ ያገኛል። በዚህ መንገድ አንድ ዘማሪ በአንድ ዓመት፥ ቢበዛም በሁለት ዓመት ሊሠለጥን እንደሚችል ጊዶ ራሱ መስክሯል።

ነገሩ ለአገራችን ሰውም እንግዳ አይደለም። በዜማ ቤት ተማሪው አስቀድሞ ዜማውን ከመምህሩ ቃል እየተቀበለ በልቡ ያሳድራል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚነገርለት የዜማ ምልክት ከንባቡ በላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። የምልክቱ ሥራ ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን ዜማ ማሳሰብ ነው። ስለዚህ ዜማውን በልቡ ላልያዘ ሰው ብራናው ዝም ይላል።

በአውሮፓ ግን ኖታ በኅትመት እየተስፋፋ ሲሄድ በብዙ ስፍራ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ልጁ ድምፁን ሳያውቅ ምልክቱን እንዲያጠና ይደረግ ጀመር። ይህንን ለማቃናት ከተነሡት መካከል በእንግሊዝ አገር የኖርዊች ተወላጅ የሆነችው መምህርት ሣራ ግሎቨር አንዷ ናት። እርስዋም በ1835 ባሳተመችው መጽሐፍ ሕፃናት በዶ፥ ሬ፥ ሚ ስሞች እየዘመሩ የድምፆችን ዝምድና እንዲለዩ የሚያደርግ መንገድ አሳየች። ጆን ከርወን የሚባል ሰባኪ ትምህርቱን አሻሽሎ በሕዝብ መካከል አስፋፋው፤ ኋላም ለእያንዳንዱ ድምፅ የእጅ ምልክት ጨመረለት። ዶ የተጨበጠ እጅ፥ ሚ የተዘረጋ መዳፍ ነው።

ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝም በ1892 በጄኔቭ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመረ በኋላ አንድ የሚያሳዝን ነገር አስተዋለ። ተማሪዎቹ የድምፆችን ስምምነት በወረቀት ላይ ያለ ስሕተት ይጽፉ ነበር፤ የጻፉትን ግን በልባቸው አይሰሙትም። ከዚህም የተነሣ እርሱ ጆሮን ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የሚያሠለጥን ትምህርት አቋቋመ።

ይህንን ሐሳብ ለአንድ አገር ሕፃናት ሁሉ ለማድረስ የደከመው የሃንጋሪው ሊቅ ዞልታን ኮዳይ ነው። ኮዳይ በ1882 ተወለደ፤ በ1905ም በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን መሰብሰብ ጀመረ። ዘፈኑን በሰበሰበ መጠን፥ የሃንጋሪ ሕፃን የሙዚቃ ትምህርቱን በእናት ቋንቋው ዜማ መጀመር እንደሚገባው ተረዳ። ከ1925 ጀምሮ ለልጆች መዘምራን ብዙ ድርሰት ጻፈ። በ1950 በተወለደበት በኬችኬሜት ከተማ ልጆች በየቀኑ የሚዘምሩበት የመጀመሪያው የሙዚቃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1964 የሙዚቃ መምህራን ዓለም አቀፍ ጉባኤ በቡዳፔስት በተሰበሰበ ጊዜ ሥራው በዓለም ፊት ታየ። ኮዳይ በ1967 ቢሞትም፥ የሕዝብን ዜማ በእርሱ መንገድ የመጠበቁ ሥራ በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል።

በእዝነ ልቡና መስማትን እንዴት ያስተምሩታል ቢሉ፥ መንገዱ ቀላል ነው። ሕፃናቱ አንድ የሚያውቁትን አጭር ዘፈን እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። መምህርቷ እጅዋን ስትደብቅ ድምፃቸውን ያቆማሉ፤ ጭብጨባው ግን አይቋረጥም፥ ዘፈኑም በየልባቸው ይቀጥላል። እጅዋን ስትገልጥ ሁሉም በአንድነት፥ ዘፈኑ በደረሰበት ቃልና በትክክለኛው ድምፅ ድንገት ይወጣሉ። ከዚያም መምህርቷ አፍዋን ሳትከፍት አንዱን ዘፈን በእጅ ምልክት ብቻ ታሳያለች፤ ልጆቹ የትኛው እንደ ሆነ ይናገራሉ። ኖታ ወደ ልጁ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚያነበው አስቀድሞ በልቡ የሰማውን ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ሁሉ ሙዚቀኛ አይሆን፥ ይህ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ስንት ልጅ ነው በሕፃንነቱ «አንተ ድምፅ የለህም» ተብሎ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ያለው! ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ጉሮሮአቸው ደኅና ነው፤ የጎደላቸው ከመዝፈናቸው በፊት የሚዘፍኑትን በልባቸው እንዲሰሙ የሚያስተምራቸው ሰው ነው። ኮዳይ ሙዚቃ የሁሉ ሰው ሀብት ነው ብሎ ሲከራከር የኖረው ስለ እነዚህ ጭምር ነው።

የሕፃን የሙዚቃ ትምህርት መቼ ይጀመር ተብሎ ሲጠየቅ ኮዳይ ከመወለዱ ዘጠኝ ወር በፊት ነው ማለቱ፥ ኋላም እናቲቱ ከመወለድዋ ዘጠኝ ወር በፊት ብሎ ማረሙ ይነገራል። ነገሩ ቢያስቅም ቁም ነገር አለበት፤ እናት ያላወቀችውን ዜማ ለልጅዋ ልታወርስ አትችልምና። ስለዚህ፥ አንባቢዎች ሆይ፥ ልጃችሁን በእሹሩሩ ስታስተኙም ሆነ በጨዋታ ስታዘፍኑ፥ አንዳንድ ጊዜ በመካከል ዝም በሉና የቀረውን ለእርሱ ተዉለት። እርሱ ከቆማችሁበት ተነሥቶ ቢቀጥል፥ ትምህርቱ በቤታችሁ መጀመሩን ዕወቁ።