ጎተራና ጋሻ

አገር የሚጐዳበት ነገር ብዙ ቢሆንም፥ አበው በጸሎታቸው አብረው የሚጠሯቸው ራብና ጦር ናቸው። ራብ በዝናም መጥፋት፥ በአንበጣና በከብት እልቂት ይመጣል፤ ጦር ግን ከሰው ልብ ይወጣል። መንግሥትም ሕዝቡን ከሁለቱ ይጠብቅ ዘንድ አደራ አለበት። አንዱን ብቻ ሲጠብቅ ግን ሌላው በጓሮ በር እንደሚገባ የወልድያና የሀብሩ ምድር ታሪክ ያስረዳል።

ወልድያ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወጣውና ከወረታ የሚመጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። መርሳም የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ሆና በዚያው በደሴ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ መንገድ እህልም ጦርም ያልፋል፤ ስለዚህ የዚህ አገር ሰው መንግሥት ለየትኛው እንደተሰናዳና የትኛውን እንደዘነጋ ከሌላው አስቀድሞ ያያል።

ከሀብሩ በስተደቡብ፥ በአምባሰል ባለችው በውጫሌ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ሲዋዋሉ፥ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ገብቶ ነበረ። በምጽዋ በኩል በመጡ ከብቶች የገባው በሽታ የገበሬውን በሬ ስለ ፈጀበት፥ ምድሩ ጦም አደረ፤ ሕዝቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ መኳንንቱም ሥራ እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይተረካል። ራቡ ሲበርድም ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ እንዳይበላው፥ ገበሬው ዐሥራት እንዲከፍልና ወታደሩ ከዚያ ቀለቡን እንዲያገኝ ሥርዐት አቆሙ። ከዚህ በኋላ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ሲሉ፥ እስከዚያ ቀን የታገሡት የከብቱን ማለቅና የሰውን መድከም አይተው መሆኑን በዐዋጁ ገለጹ። በወሎ ምድር፥ በወረ ኢሉ የተከማቸውም ሠራዊት የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ድል አደረገ። እንግዲህ ጎተራው ከጋሻው ቀደመ፤ ጋሻውም ከጎተራው ኃይል አገኘ።

ይህ ትምህርት ግን ተረሳ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ራብ ሲነሣ፥ በአውራጃው የሚያስጨንቅ ጦር አልነበረም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጓዝ ነበረ። የታጣው ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብና የመንግሥት ዐይን ነው። ርኁባን በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፈው የሚያልፈውን መኪና ሲለምኑ፥ ወሬው በቤተ መንግሥት ዘንድ ተሸፈነ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የቆመው ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ስሕተቱ ተገለበጠ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ራብ እንደሚመጣ ለዓለም አስጠነቀቀ። ወታደራዊው መንግሥት ግን ሀብቱን በሰሜን ለሚዋጋው ብዙ ሠራዊት ያወጣ ነበረ፤ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በቆረምና በሌሎቹ የመጠለያ ሰፈሮች ግን ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ። ዘብ ደወሉን ደወለ፤ የሚሰማው ጆሮ ወደ ጦሩ ብቻ ዘንብሎ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ስለ ራብ ብዙ ተማረ። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ሥራ ተጀመረ፤ በ2008ቱ ድርቅም ከዐሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ዕርዳታ ቢፈልግ፥ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት ሳይደርስ አለፈ። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. መባቻ አንበጣ የሰሜን ወሎን አዝመራ ሲበላ፥ ጥቅምት 24 ቀን በትግራይ ጦርነት ተነሣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 28 ቀን ሕወሓትን በአሸባሪነት ሰየመ። ዐዋጅ ግን ብቻውን ከተማ አይጠብቅም፤ በነሐሴ ወር ወልድያ በሕወሓት ጦር ተያዘች፤ መርሳና ሀብሩም ተከተሉ። ሕዝቡ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ተሰደደ፤ የቀረውም ሆስፒታሉ ተዘርፎ፥ የዕርዳታ መንገድ ተዘግቶበት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየ። ሰላም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ተፈረመ፤ ስያሜውም መጋቢት 13 ቀን ተነሣ። ለራብ የተሰናዳው ሁሉ ጋሻ በጐደለበት ቀን ምን ያህል ዋጋ እንደሚያጣ በዚህ ታወቀ።

እንግዲህ ጦሩን ያስቀደመውም ጎተራውን ያስቀደመውም ከፊል እውነት አለው። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ፥ ሠራተኛው በአንድ እጁ ይሠራ፥ በሌላው መሣሪያ ይይዝ ነበረ። ብዙ ሰው የሚያነበው እስከዚህ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ሕዝቡ በራብ ጊዜ እርሻውንና ልጆቹን ለእህል ማስያዙን እየጠራ ጮኸ፤ ነህምያም የቅጥሩ ሥራ አለብኝ ብሎ ጩኸቱን አላሳለፈም፤ አለቆቹን ገሥጾ የወሰዱትን አስመለሰ፤ ራሱም የገዥነቱን ቀለብ ተወ።

የአገር አስተዳዳሪ ሊይዘው የሚገባው ይህን ነው፤ የጎተራው ገንዘብ በጦር ጊዜ እንዳይነካ፥ የወታደሩ ቀለብ ከገበሬው ማድጋ እንዳይወጣ፥ ጦር ቢነሣ እንኳ የእህል መንገድ እንዳይዘጋ፥ የራብን ወሬ የሚያመጣ መልእክተኛም የጠላትን ወሬ እንደሚያመጣው ያህል በፍጥነት እንዲሰማ። በመርሳ ገበሬ ዐይን ልጁን በራብ የቀበረና በጥይት የቀበረ አባት ኀዘናቸው አንድ ነውና።