ሒሳብን ለእያንዳንዱ ተማሪ ማስማማት፦ በፉርን ኤል ሸባክና በአካባቢው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት

ፉርን ኤል ሸባክ ከቤይሩት በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ደማስቆ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ዳር የሚገኝ የከተማዋ ዳርቻ ነው። በሊባኖስ ተራራ ክፍለ ሀገር በባአብዳ ወረዳ ሥር የሚካተት ሲሆን፣ ከአጎራባቹ ዓይን ኤል ሩማኔ ጋር በአንድ ማዘጋጃ ቤት ይተዳደራል። በቤይሩትና በዙሪያዋ ባሉት እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ሊባኖሳውያን፣ ከሶርያ የተሰደዱ ቤተሰቦች፣ ለሥራ የመጡ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ልጆቻቸው በአንድ ክፍል ሲቀመጡ የሒሳብ መምህሩ አንድ ትምህርት ይዞ የሚገባው ልዩ ልዩ ቋንቋ፣ ልዩ ልዩ ዝግጅትና ልዩ ልዩ ችሎታ ወዳላቸው ተማሪዎች ነው።

ሒሳብን ለተማሪዎች ፍላጎት ማስማማት ማለት ሁሉም እንዲደርሱበት የሚፈለገውን ግብ ሳይለውጡ መንገዱን፣ መሣሪያውን፣ ጊዜውንና የመልስ አሰጣጡን እንደየተማሪው ማስተካከል ነው። የዚህ ሥራ የመጀመሪያው እርምጃ ልጁ የተሰናከለው በምን ላይ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ቋንቋው ያልገባው ልጅ «ሒሳብ አይሆንለትም» ተብሎ ይፈረጃል፤ ፍረጃውም ከክፍል ወደ ክፍል አብሮት ይሻገራል።

የትምህርቱ ቋንቋ

እ.ኤ.አ በ1997 በወጣው የሊባኖስ ሥርዓተ ትምህርት መሠረት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ ሦስት ሦስት ዓመት በሚወስዱ ሁለት እርከኖች ይከፈላል። ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ በአመዛኙ የሚሰጡት በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በቤቱ ዓረብኛ የሚናገር ልጅ እንኳ የመደመርና የመቀነስን ትምህርት የሚቀበለው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። እናቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የምታነጋግረው፣ ከጓደኞቹ ጋር በዓረብኛ የሚጫወት ልጅ ደግሞ ሒሳብን በሦስተኛ ቋንቋ ይማራል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በቃላት በሚቀርቡ ጥያቄዎች ላይ ነው። «ማያ 8 ብርቱካን አላት፤ የእርሷ ከካሪም በ3 ይበልጣል፤ ካሪም ስንት አለው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሕፃናት 11 ብለው ይመልሳሉ። «ይበልጣል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይደምራሉ፤ ትክክለኛው መልስ ግን 5 ነው። በገዛ ቋንቋው የሚማር ልጅ እንኳ የሚሳሳትበት ጥያቄ በባዕድ ቋንቋ ሲቀርብ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። መምህሩ ጥያቄውን በሥዕል ወይም በተግባር አሳይቶ ልጁ ካሪም ያነሰ ብርቱካን እንዳለው ከተረዳ በኋላ የፈረንሳይኛውን ዓረፍተ ነገር ቢያስተምር፣ ሒሳቡና ቋንቋው እየተደጋገፉ ያድጋሉ።

የቁጥር ስሞችና ምልክቶች

ቋንቋዎች ቁጥርን የሚጠሩበት መንገድ ይለያያል። በአማርኛ ሃያ አንድ ሲባል አስቀድሞ አሥሮቹ፣ ቀጥሎም አንዶቹ ይጠራሉ፤ አጻጻፉም ይህንኑ ተራ ይከተላል። በዓረብኛ ግን «አንድ እና ሃያ» ተብሎ አንዱ ይቀድማል። ሲነገረው የሚጽፍ ሕፃን 21ን 12 አድርጎ ቢጽፍ የሰማውን ተራ ተከትሎ ሊሆን ይችላል። አንዶችን አስቀድሞ በሚጠራው በጀርመንኛም ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ስሕተት በሕፃናት ላይ ተመልክተዋል። በፈረንሳይኛ ደግሞ ሰባ «ስድሳ አሥር»፣ ሰማንያ «አራት ሃያ»፣ ዘጠና «አራት ሃያ አሥር» ተብለው ይጠራሉ። በእንግሊዝኛ የአሥራ ሦስትና የሠላሳ ስሞች በድምፅ እጅግ ስለሚቀራረቡ ጀማሪዎችን ያምታታሉ።

ምልክቶቹም እንዲሁ ናቸው። በሊባኖስ የዓረብኛ አኃዞች በሱቅ ማስታወቂያና በታርጋ ላይ ይታያሉ። በእነዚህ አኃዞች አምስት ክብ በመሆኑ በሒሳብ ደብተር ላይ ካለው ዜሮ ጋር ይመሳሰላል፤ ዜሮ ነጥብ ነው፤ ስድስትም ከ7 ጋር ይቀራረባል። የዓረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ የሒሳብ ደብተር ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ሁለቱን የአኃዝ ዓይነቶች ጎን ለጎን የያዘ ሠንጠረዥ በግድግዳ ላይ መስቀል ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

የግዕዝ አኃዝም ለዚህ ትምህርት ይጠቅማል። ፻፳፭ ሲጻፍ መቶው፣ ሃያውና አምስቱ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምልክት ይታያሉ። ልጁ 125 ውስጥ ያለው 2 ሃያን እንደሚወክል ካልተረዳ፣ ፻ እና ፳ እና ፭ን በሦስት ወረቀቶች ላይ ጽፎ ከ100 + 20 + 5 ጋር ማነጻጸር የቦታን ዋጋ ግልጽ ያደርግለታል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የሌለው በመሆኑም፣ በ105 መካከል ያለው ዜሮ ባዶውን የአሥር ቤት እንደሚጠብቅ ለማስረዳት ጥሩ አጋጣሚ ይሰጣል።

አንድ ጥያቄ፣ አራት ተማሪዎች

ማስማማት በተግባር ምን እንደሚመስል በምሳሌ መመልከት ይቻላል። ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች «በሱቅ 52 ብርቱካን ነበረ፤ 27ቱ ተሸጡ፤ ስንት ቀረ?» የሚል ጥያቄ ቀረበ እንበል። የመጀመሪያው ተማሪ 35 ብሎ ይመልሳል። በአንድ ቤት ከ7 ላይ 2ን ቀንሶ 5፣ በአሥር ቤት ከ5 ላይ 2ን ቀንሶ 3 አግኝቷል፤ ሁልጊዜ ከትልቁ አኃዝ ትንሹ የሚቀነስ መስሎታል። ሁለተኛዋ 79 ትላለች። ስሌቷ ትክክል ነው፤ ነገር ግን «ተሸጡ» የሚለውን የባዕድ ቃል ስላልተረዳች ደምራለች። ሦስተኛው ከ52 ወደ ኋላ አንድ በአንድ በጣቱ ሲቆጥር መሐል ላይ ይጠፋበታል። አራተኛዋ 25 ብላ መልሳ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች።

ለአራቱም «በደንብ ተለማመዱ» ብሎ አሥር ተመሳሳይ ጥያቄ መስጠት ለማናቸውም አይጠቅምም። ለመጀመሪያው አምስት ባለ አሥር እስርና ሁለት ነጠላ እንጨቶች ይሰጡታል። 7 ለመቀነስ አንዱን እስር ሲፈታ 12 ነጠላና 4 እስር ይኖረዋል፤ 7 ነጠላና 2 እስር ሲያነሣ 25 ይቀረዋል። «መበደር» የተባለው ሥራ እስርን መፍታት እንደሆነ በእጁ ያየዋል። ለሁለተኛዋ ሽያጩ በተግባር ይታያታል፣ ቃሉም ይተረጎምላታል። ለሦስተኛው የቁጥር መስመር ይሰመርለታል፤ ከ27 ወደ 30 ሦስት፣ ከ30 ወደ 50 ሃያ፣ ከ50 ወደ 52 ሁለት ሲዘል ድምሩ 25 ይሆናል። አራተኛዋ መልሱን በሌላ ዘዴ እንድታረጋግጥና መልሱ 25 የሚሆን፣ መበደርንም የሚጠይቅ አዲስ ጥያቄ እንድትፈጥር ይደረጋል። የትምህርቱ ግብ ለአራቱም አንድ ነው፤ የተለየው መድረሻ መንገዱ ነው።

ከሚጨበጥ ነገር ወደ ምልክት

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጀሮም ብሩነር በ1960ዎቹ ሕፃናት አንድን ጽንሰ ሐሳብ በድርጊት፣ በሥዕልና በምልክት እንደሚወክሉት አስረድቷል። በኋላም የሲንጋፖር የሒሳብ ትምህርት የሚታወቅበት ከተጨባጭ ወደ ሥዕላዊ፣ ከሥዕላዊ ወደ ረቂቅ የሚሸጋገር ዘዴ በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርቷል። መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። የጠርሙስ ክዳን፣ ደረቅ ሽምብራ፣ የተቆረጠ ካርቶን ይበቃል። ጠጠሮችን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ በማከፋፈል የሚካሄደው ገበጣም መቁጠርንና እኩል ማካፈልን በጨዋታ ያስተምራል። ዋናው ጥንቃቄ ልጁ በዕቃው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ በእጁ የሠራውን እንዲስል፣ የሳለውንም በአኃዝ እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

ደረጃን መለየት

ሊባኖስ ከ2019 ወዲህ በኢኮኖሚ ቀውስ፣ በኮቪድ ምክንያት በተዘጉ ትምህርት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ ነሐሴ 4 ቀን 2020 በደረሰው የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ፣ በመምህራን የሥራ ማቆም አድማና በ2024 ጦርነት ሳቢያ ብዙ የትምህርት ጊዜ አጥታለች። ስለዚህ በአንድ ክፍል የተመዘገቡ ልጆች በአንድ ደረጃ ላይ ይገኛሉ ብሎ መገመት አዳጋች ነው። ክፍተቱ በጊዜ ካልተደፈነ እየሰፋ ይሄዳል። ቲምስ በተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና እ.ኤ.አ በ2019 የሊባኖስ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ያገኙት አማካይ ውጤት 429 ሲሆን፣ የመለኪያው ማዕከላዊ ነጥብ 500 ነው።

በሕንድ እ.ኤ.አ በ1995 የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት ያስፋፋው ዘዴ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። በዘዴው መሠረት ልጆች በቀኑ የተወሰነ ሰዓት በዕድሜ ወይም በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ደረጃ ተመድበው ይማራሉ። መመዘኛው አጭር ነው፤ ልጁ ባለ አንድ አኃዝ ቁጥር ያነባል? ባለ ሁለት አኃዝስ? መበደር ያለበትን ቅነሳ ይሠራል? ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርን ለባለ አንድ አኃዝ ያካፍላል? ምድቡ በየጊዜው እየተመዘነ መለወጥ ይኖርበታል፤ ቋሚ ከሆነ ማስማማቱ ወደ ፍረጃ ይለወጣል።

ልዩ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች

አንዳንድ ሕፃናት በሌላው ትምህርት ደህና ሆነው ሳለ የቁጥርን መጠን ለመገንዘብና ቀላል ስሌቶችን ለማስታወስ እጅግ ይቸገራሉ። ይህ ዲስካልኩሊያ የሚባል እክል ነው። እ.ኤ.አ በ1974 በሰፊው የተነተነው ተመራማሪ ላዲስላቭ ኮሽች ሲሆን፣ ከመቶ ሕፃናት አምስት እስከ ሰባት የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል። ለእነዚህ ልጆች ተጨማሪ ጊዜ፣ የማባዣ ሰንጠረዥ፣ ሰፋፊ አራት ማዕዘን ያለው ደብተርና አጭር ተደጋጋሚ ልምምድ ይረዳሉ። ማየት ለተሳነው ተማሪ በጣት የሚዳሰስ አባከስና የብሬይል አኃዝ፣ መስማት ለተሳነው የምልክት ቋንቋና በዓይን የሚታይ ማብራሪያ ያስፈልጋል።

ሊባኖስ እ.ኤ.አ በ2000 ያወጣችው 220ኛው ሕግ የአካል ጉዳተኞችን የመማር መብት ደንግጓል። እ.ኤ.አ በ2018 ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴሩ ከዩኒሴፍ ጋር በ30 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት ሙከራ ጀምሯል።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1994 ባወጣችው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወስናለች። ክልሎች ወደ እንግሊዝኛ የሚሸጋገሩበት ክፍል የተለያየ መሆኑ ለማነጻጸር ዕድል ሰጥቷል። በካትሊን ሂውና በባልደረቦቿ ተጠንቶ እ.ኤ.አ በ2007 ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበው ሪፖርት፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳስመዘገቡ አመልክቷል። በአካቶ ትምህርትም አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2006 እና በ2012 ስትራቴጂዎችን ያወጣች ሲሆን፣ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች።

የወላጆች ድርሻ

ፈረንሳይኛ የማታነብ እናት ልጇን በሒሳብ ልትረዳው አትችልም የሚለው አስተሳሰብ ልክ አይደለም። በአማርኛ የተረዳው የማካፈል ትርጉም ወደ ማንኛውም ቋንቋ ይሻገራል። እ.ኤ.አ በ1985 የወጣ አንድ የብራዚል ጥናት በሬሲፌ ከተማ ገበያ የሚሸጡ አምስት ሕፃናትን መርምሮ ነበር። ልጆቹ በሽያጭ ላይ ሳሉ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች 98 በመቶውን በትክክል ሲመልሱ፣ እነዚያው ስሌቶች በወረቀት ላይ በባዶው ሲሰጧቸው የመለሱት 37 በመቶውን ብቻ ነው።

በቤይሩትም ገበያው ሰፊ የሒሳብ ክፍል ነው። ከ2023 ወዲህ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ89,500 ሊራ ገደማ ስለሚመነዘር ሕፃናት ባለ ስድስት አኃዝ ዋጋ በየዕለቱ ይሰማሉ። ሁለት ባለ 100,000 ሊራ ኖቶች ይዞ 150,000 የሚያወጣ ዕቃ የሚገዛ ልጅ 50,000 እንደሚመለስለት ያውቃል። ይህን እውቀት በደብተሩ ላይ ካለው 20 − 15 ጋር እንዲያገናኘው መርዳት ይገባል። የሊባኖስ ኖቶች በአንዱ ገጽ በዓረብኛ፣ በሌላው በፈረንሳይኛ የታተሙ በመሆናቸውም ሁለቱን የአኃዝ ዓይነቶች ለማስተማር ያገለግላሉ።

ወላጆች ውጤት ለመጠየቅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ «ስንት አገኘ?» ከማለት አልፈው «ስሕተቱ ምን ዓይነት ነው? የተቸገረው በቋንቋው ነው በስሌቱ? በቤት በምን እንርዳው?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ ነው። ልጁ ሲሳሳትም ቁጣን ትተው «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ቢያስረዱት ጠቃሚ ነው። የተሳሳተበትን መንገድ ሲያብራራ የሚሰማው ሰው ያገኘ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱን ራሱ ያየዋል።