የአመክንዮ ልምምድና የሕግ ትምህርት ቤት በር
የአሜሪካ የሕግ መግቢያ ፈተና አጭር ታሪክ

መግቢያ

ለከፍተኛ ትምህርት ዕጩዎችን መምረጥ በየትኛውም አገር የትምህርት አመራርን ከሚያጋጥሙት አስቸጋሪ ተግባሮች አንዱ ነው። የቦታው ብዛት ከአመልካቾቹ ብዛት ሲያንስ፣ አንዱን ለመቀበል ሌላውን ለመመለስ የሚያገለግል መለኪያ ማስፈለጉ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ማናቸውም መለኪያ ስለሚለካው ነገር አንድ እምነት ይዞ ይነሣል። እምነቱ የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ ጉዳቱ የሚደርሰው በመለኪያው ላይ ሳይሆን በተለካው ወጣት ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው በዩናይትድ ስቴትስ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ በምሕፃሩ «ኤልሳት» ተብሎ የሚታወቀው የመግቢያ ፈተና ታሪክ ነው። በተለይም የፈተናው ዋና ክፍል የሆኑት የአመክንዮ ጥያቄዎች እንዴት የልምምድ ጉዳይ ለመሆን እንደበቁ ይታያል። ከታሪኩ የምናገኘው ቁም ነገር በአጭሩ ሲገለጽ ይህ ነው፦ ፈተናው የተመሠረተው የማመዛዘን ችሎታ በዝግጅት ብዙም አይለወጥም በሚል አስተሳሰብ ዘመን ሲሆን፣ የራሱ ታሪክ ግን ማመዛዘን የሚለመድ ሙያ መሆኑን አሳይቷል። የሚለመድ ከሆነ ደግሞ የመለማመጃው ዕድል ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈተናው ከመቋቋሙ በፊት

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል በ1870 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን በሆኑ ጊዜ የሕግ ትምህርት አሰጣጥን ከመሠረቱ የለወጠ ዘዴ አስገቡ። ተማሪው የሕግ ደንቦችን ከመምህሩ ቃል ተቀብሎ በመሸምደድ ፈንታ፣ የተወሰኑ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን አንብቦ እንዲመጣና በመምህሩ ጥያቄ እየተፈተነ ደንቡን ከነምክንያቱ ራሱ እንዲያወጣ ተደረገ። ይህ ዘዴ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ስለ ተስፋፋ፣ ከሕግ ተማሪ የሚጠበቀው ዋና ችሎታ አንድን ክርክር ፈትቶ መመርመር ሆነ።

በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በር ሰፊ ነበር። ማጣሪያው የሚካሄደው ከመግባት በፊት ሳይሆን ከገቡ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ በሚሰጠው ፈተና ነበር። ለተሰናባቹ ተማሪ ይህ አንድ ዓመት ዕድሜና የአንድ ዓመት ክፍያ ማጣት ማለት ነው። ይህን ብክነት ለመቀነስ በ1920ዎቹ ዓመታት ልዩ ልዩ ሙከራዎች ተደርገዋል። ፈርሰንና ስቶዳርድ የተባሉ ምሁራን ያዘጋጁት የሕግ ዝንባሌ ፈተና ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ነው። በ1944 በወጣው ሕግ መሠረት ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪያቸው በመንግሥት እንዲሸፈን ስለ ተፈቀደ፣ የአመልካቾች ቁጥር ከትምህርት ቤቶቹ አቅም በላይ ሆነ። በ1945 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ቦውልስ ሥራ ላይ ከነበረው ፈተና የተሻለ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። የሃርቫርድና የዬል ትምህርት ቤቶችም ተባባሪ ሆኑ። ኅዳር 10 ቀን 1947 የበርካታ ትምህርት ቤቶች ወኪሎች ተሰብስበው ስለ ፈተናው ይዘት ተወያዩ። የዝንባሌ ፈተና የሕግ ተማሪን ለመምረጥ መጥቀሙን የተጠራጠሩ ትምህርት ቤቶችም አልጠፉም። በየካቲት 1948 የመጀመሪያው ፈተና ተሰጠ። ዐሥር ክፍሎች ስለ ነበሩት የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የፈተናው ዓላማ ማን ጥሩ ጠበቃ ወይም ጥሩ ዳኛ እንደሚሆን መተንበይ አልነበረም። የታሰበው ተማሪው በሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት የሚያገኘውን ውጤት አስቀድሞ ለመገመት ብቻ ነው። በኋላ ዘመን ለፈተናው የተሰጠው ክብደት ግን ከዚህ ውስን ዓላማ እጅግ አልፎ ሄዷል።

ልምምድ አይጠቅምም የተባለበት ዘመን

በዚያን ጊዜ በነበረው የሥነ ልቡና አስተሳሰብ መሠረት የዝንባሌ ፈተና የሚለካው ለብዙ ዓመታት የተገነባን፣ በጥቂት ሳምንት ዝግጅት የማይለወጥ ችሎታ ነው ይባል ነበር። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና አዘጋጆችም ለፈተናቸው የሚሰጥ ሥልጠና ውጤትን ያን ያህል አይለውጥም ሲሉ ቆይተዋል። በሌላ ወገን ስታንሊ ካፕላን የተባለ መምህር ከ1938 ጀምሮ በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ተማሪዎችን ለፈተና ያዘጋጅ ነበር። ሥራው እየሰፋ ሄዶ ትልቅ የንግድ ድርጅት ሆነ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1979 ባወጣው የኮሌጅ መግቢያ ፈተናን የሚመለከት ጥናት ሥልጠና ለአንዳንድ ተማሪዎች የውጤት ጭማሪ ሊያስገኝ እንደሚችል ከገለጸ በኋላ፣ የአዘጋጆቹ አቋም የቀድሞ ጽናቱን አጣ።

በዚህ መካከል ጉዳት የደረሰባቸው እነማን እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም። ገንዘብ ያለው ልጁን ወደ ሥልጠናው ይልካል፤ ድኻው ግን «መዘጋጀት አያስፈልግም» የሚለውን ቃል አምኖ ባዶ እጁን ወደ አዳራሹ ይገባል። ይህ ልዩነት ከዘር አድልዎ ታሪክ ጋር ስለ ተዳመረ፣ በ1968 የድኻና የአናሳ ወገን ተወላጆችን በክረምት ትምህርት ለሕግ ትምህርት ቤት የሚያዘጋጅ ምክር ቤት ተቋቋመ። በ1974 ደግሞ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቀባበል የተነሣ «ዴፉኒስ ከኦድጋርድ» የተባለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከሳሹ ትምህርቱን ለመጨረስ ተቃርቦ ስለ ነበር ፍርድ ቤቱ በዋናው ነገር ላይ ሳይወስን ቀረ። ሆኖም ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በልዩነት ሐሳባቸው፣ ፈተናው የአናሳ ወገኖችን ችሎታ በትክክል መለካቱን አጥብቀው ተጠራጥረዋል።

የ1979 ሕግና የጥያቄዎቹ መገለጥ

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ተፈታኙ ውጤቱን እንጂ ጥያቄዎቹንና ትክክለኛ መልሶቻቸውን የማየት መብት አልነበረውም። የተፈረደበት ሰው የፍርዱን ምክንያት እንዳያይ የተከለከለ ያህል ነበር። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል በነበሩት በኬኔት ላቫል ስም የሚጠራው፣ በ1979 ወጥቶ ከጥር 1980 ጀምሮ የጸና ሕግ ይህን ሁኔታ ለወጠው። በሕጉ መሠረት የፈተና ድርጅቶች ለጠየቃቸው ተፈታኝ ጥያቄዎቹንና መልሶቹን እንዲገልጹ ተገደዱ። የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ሕጉን በፍርድ ቤት ሲቃወም፣ የሕግ መግቢያው ፈተና ግን ለሕጉ ተገዥ ሆነ።

የዚህ ሕግ ውጤት ከታሰበው በላይ ነው። የተገለጡት ጥያቄዎች እየተጠራቀሙ ሄደው እውነተኛ የመለማመጃ መጻሕፍት ሆኑ። ፈተናውም ራሱ በዚያው ዘመን ቅርጹን ለወጠ። ከ200 እስከ 800 የነበረው የውጤት መለኪያ በ1982 ከ10 እስከ 48፣ በ1991 ደግሞ ዛሬ እስካለው ከ120 እስከ 180 ተቀየረ። ከ1991 ጀምሮ ፈተናው ሁለት የአመክንዮ፣ አንድ የትንተና እንቆቅልሽና አንድ የንባብ ክፍል ሲኖረው፣ እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከአመክንዮ ጥያቄዎች ሆነ።

የአመክንዮ ጥያቄ ጠባይ

የአመክንዮ ጥያቄ ሕግ ማወቅን አይጠይቅም። አጭር ክርክር ይቀርባል፤ ተፈታኙ ከአምስት ምርጫዎች አንዱን ይመርጣል። ጠባዩን ለማሳየት ይህ ጽሑፍ የሚከተለውን ምሳሌ አዘጋጅቷል።

«አንድ ማዘጋጃ ቤት በዋናው መንገድ ላይ አዲስ መብራቶች አስተከለ። በሚቀጥለው ዓመት በመንገዱ ላይ የደረሰው አደጋ ከቀድሞው በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ አደጋውን የቀነሰው መብራቱ ነው።» ከሚከተሉት ውስጥ ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው?

ሀ. መብራቶቹን ለማስተከል ብዙ ገንዘብ ወጥቷል።
ለ. መብራቶቹ ከተተከሉ በኋላም በመንገዱ ላይ ጥቂት አደጋዎች በሌሊት ደርሰዋል።
ሐ. መብራቶቹ በተተከሉበት ሰሞን ሌላ መንገድ ተከፍቶ አብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ወደዚያ ዞረዋል።
መ. ነዋሪዎቹ በመብራቶቹ መተከል ተደስተዋል።
ሠ. ሌሎች ከተሞችም መብራት ለማስተከል አቅደዋል።

መልሱ ሐ ነው። ክርክሩ አንድ ያልተነገረ ግምት ተሸክሟል፤ ይኸውም በዚያ ዓመት ከመብራቱ በስተቀር ሌላ የተለወጠ ነገር የለም የሚል ነው። ሐ ይህን ግምት ያፈርሰዋል። ሀ፣ መና ሠ ከጉዳዩ ውጭ ናቸው። አደገኛው ምርጫ ለ ነው፤ ስለ መብራትና ስለ አደጋ ስለሚናገር ችኩሉን ተፈታኝ ይስባል። ነገር ግን ክርክሩ አደጋ ቀነሰ እንጂ ጠፋ አላለም፤ ስለዚህ ጥቂት አደጋ መቅረቱ አይነካውም።

ሌላው ዘወትር የሚፈተን ነገር በአስፈላጊና በበቂ ሁኔታ መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ዳኛ ለመሆን ሕግ መማር ያስፈልጋል» ከሚለው ደንብ ተነሥቶ «ሕግ የተማረ ሁሉ ዳኛ ይሆናል» የሚል ሰው ተሳስቷል። በአደባባይ ክርክርና በጋዜጣ ዓምድ ላይ ይህን ስሕተት ስንት ጊዜ እንደምናገኘው አንባቢው ራሱ ይመስክር።

ልምምዱ የሚያስተምረው

ከብዙ ዓመታት ልምድ የተገኘው ትምህርት፣ የጥያቄ ብዛት ብቻውን ተማሪን እንደማያሻሽል ነው። መቶ ጥያቄ ሠርቶ የመልሱን ፊደል ብቻ ያመሳከረ ተማሪ መቶ ጊዜ ገመተ እንጂ አልተለማመደም። በተለማማጆች ዘንድ የታወቀው የተሻለ ዘዴ የሚከተለው ነው። ተማሪው በመጀመሪያ በተወሰነው ሰዓት ይሠራል፤ እግረ መንገዱን በተጠራጠረባቸው ጥያቄዎች ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያም የመልሱን ሰንጠረዥ ሳያይ እነዚያኑ ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ገደብ እንደገና ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ምርጫም ለምን እንደተቀበለው ወይም እንደጣለው በጽሑፍ ያሰፍራል። መልሱን የሚያየው በመጨረሻ ነው።

ይህ አሠራር ሁለት የተለያዩ ድክመቶችን ይለያል። በመጀመሪያው ተሳስቶ በሁለተኛው ያገኘ ተማሪ ችግሩ የፍጥነት ነው፤ በሁለቱም የተሳሳተው ግን የመረዳት ችግር አለበት። ሁለቱን በአንድ መድኃኒት ማከም አይቻልም። በተጨማሪም ተማሪው የገዛ ስሕተቱን ልማድ ያውቃል፤ አንዱ መደምደሚያውን ከማስረጃው ሳይለይ ይሮጣል፣ ሌላው «አንዳንድ» የሚለውን «ሁሉ» ብሎ ያነባል። ያልተነገረውን ግምት ለማግኘትም ቀላል መፈተኛ አለ፤ ግምቱን በአሉታ ገልብጦ ክርክሩ ይቆም ወይም ይወድቅ እንደሆነ ማየት ነው።

የቅርብ ዓመታት ለውጥ

በ2018 የፈተናው ባለቤት የሆነው ምክር ቤት ከአንድ የነፃ ትምህርት ድርጅት ጋር ተባብሮ በኮምፒዩተር አማካይነት ያለ ክፍያ መለማመጃ አቀረበ። በ2024 ይህ አገልግሎት ወደ ምክር ቤቱ የራሱ መድረክ ተዛወረ፤ በዚያም ጥቂት የቀድሞ ፈተናዎች በነፃ፣ የቀሩት በዓመታዊ ክፍያ ይገኛሉ። በ1940ዎቹ ልምምድ ብዙም አይጠቅምም ከሚል አስተሳሰብ የተነሣ ፈተና፣ የመለማመጃው አቅራቢ ራሱ መሆኑ የታሪኩ ትልቁ መዞሪያ ነው።

በ2019 ደግሞ ፈተናው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ከዐይነ ስውር ተፈታኞች ጋር የነበረውን ክርክር በስምምነት ጨረሰ። የክርክሩ ምክንያት የትንተናው እንቆቅልሽ ክፍል ነው። ይህን ክፍል ለመሥራት ብዙዎች ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ስለሚነድፉ፣ ማየት ለማይችል ሰው ችሎታውን ሳይሆን ዐይኑን የሚፈትን ሆኖ ነበር። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ክፍሉ ቀርቶ በምትኩ ተጨማሪ የአመክንዮ ክፍል ገባ። ዛሬ ውጤት የሚያዝባቸው ሁለት የአመክንዮና አንድ የንባብ ክፍሎች ናቸው።

ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የአገራችን ችሎት ተከራካሪዎች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ የተቃራኒን ቃል ሰንጥቆ ድክመቱን ማውጣት የተከበረ ሙያ ነበር፤ የሚለመደውም በግልጽ አደባባይ በመስማትና በመሞከር ነው። በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በአሜሪካዊው ዲን በጄምስ ፖል መሪነት ሲከፈት፣ ከአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ልምድ ጋር በቀጥታ ተገናኝተናል። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናችን ውስጥ የሚሰጠው የአፕቲትዩድ ፈተናም ማመዛዘንን የሚጠይቅ እንደ መሆኑ፣ ተመሳሳዩ ጥያቄ በደጃችን ቆሟል።

ከታሪኩ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ማመዛዘን የሚለመድ ስለሆነ በክፍል ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ መምህሩም ትክክለኛውን ፊደል ነግሮ ከማለፍ ይልቅ የቀሩት ምርጫዎች ለምን እንደ ወደቁ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለተኛው፣ ፈተና የሚሰጥ አካል ያለፉትን ጥያቄዎች ከነምክንያታዊ መልሳቸው ለሁሉም እኩል ማድረስ ግዴታው መሆኑ ነው። መለማመጃው በከተማ ለሚኖረውና ለከፋይ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ፈተናው የሚለካው የማመዛዘን ችሎታን ሳይሆን የወላጅን ኪስ ይሆናል። ፍትሕን ሊያስተምር የተዘጋጀ ትምህርት ቤት ደግሞ በሩን በፍትሕ ሊከፍት ይገባዋል።