የንጉሡ ሚስቶችስ ምን ሆኑ?

ዛሬ ታሪክ ይዤ ነው የመጣሁት።

አንድ ጊዜ እዚህ መልካሳ፣ አዋሽ አጠገብ፣ አገልግሎት ላይ ነበርኩ። በስብከቴ መሃል አፄ ቴዎድሮስን አነሳሁ፤ መቅደላን፣ ሽጉጡን፣ እጄን አልሰጥም ማለቱን። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንተርከው። ከፕሮግራሙ በኋላ ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ አንዲት እናት ጠጋ አሉኝና፣ «የኔ ልጅ፣ እሱስ ሞቱን መረጠ። ሚስቶቹስ ምን ሆኑ?» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ እቴጌ ተዋበች ናት። የራስ አሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ። ያኔ ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው ቢኖርም ሥልጣኑ በእነዚህ እናትና ልጅ እጅ ነበር። ካሳ ኃይሉ ደግሞ የቋራ ሽፍታ ነው። በጦር አልበገር ሲላቸው ጊዜ ልጅቷን ዳሩለትና ዘመድ አደረጉት። ልብ በሉ! ተዋበች የተዳረችው ሽፍታውን ታስርላቸው ዘንድ ነው። ገመድ ነበረች። ነገር ግን ካሳን ከልቧ ወደደችው፣ እሱም ወደዳት። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ካሳ ራስ አሊን ድል ሲያደርግ እሷ ከባሏ ጎን ቆመች። የተሸነፈው አባቷ ነው እንግዲህ። እስቲ አንቺ እህቴ፣ ራስሽን እዚያ ቦታ አስቀምጪው። ድንኳኑ ውስጥ እልልታ ሲቀልጥ አብረሽ እልል ትያለሽ ወይስ ለአባትሽ ታለቅሻለሽ?

ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» ተብሎ ነገሠ። በእነዚያ ዓመታት በአንዲት ሚስት የሚኖር ንጉሥ ነበር። ይህ እንደ ቀላል አይታይ! የዘመኑ መኳንንት ቁባት ማብዛትን እንደ ክብር ነበር የሚቆጥሩት። እሱ ግን ሹማምንቱና ወታደሩ ቁባት ትተው፣ በሕግ አግብተው እንዲኖሩ አዘዘ። ትእዛዙን ራሱ እየኖረበት ነው ያዘዘው። በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ግን ተዋበች ሞተች። የታሪክ ጸሐፊዎች ቁጣውን የምታበርድለት እሷ ነበረች ይላሉ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እንግሊዛውያኑ ወዳጆቹ ፕላውደንና ጆን ቤልም ሞቱ። «ተው» የሚለው ሰው እየጠፋ ሄደ።

ከዚያ ምን አደረገ? የጠላቱን ልጅ አገባ።

ደጃዝማች ውቤ የስሜንና የትግራይ ገዥ ነበሩ። ሊነግሡበት ብለው ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። ግን እዚያው ደረስጌ ላይ በጦርነት ተሸነፉ፤ ቴዎድሮስ በሁለት ቀን ውስጥ እሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫነ፤ እሳቸውም ሰንሰለት ገቡ። አሁን የሚያገባት ልጃቸው ጥሩወርቅ ናት። ልትመንን ታስብ ነበር ይባላል። የአባቷን እግር ያሰረ እጅ ቀለበት አጠለቀላት። ይህን ጋብቻ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ለፖለቲካ ጠቅሞ ይሆናል እላለሁ እንጂ ትዳር ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ስለ እሷ አንድ የሚነገር ነገር አለ። ዳዊት ትደግም ነበርና አንድ ቀን ንጉሡ ሲገባ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ለምን ተብላ ስትጠየቅ፣ ከእሱ ከሚበልጥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ብላ መለሰች ይባላል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። በቤቱ ውስጥ የነበራት መሸሸጊያ ያ ዳዊት ብቻ ነበር መሰለኝ።

ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ተወለደ። ልጁ ግን ቤቱን አልጠገነውም። ንጉሡ ልቡን የየጁዋ ተወላጅ ወደሆነችው ወደ ወይዘሮ የተመኙ አዞረ። እሷ ቀድሞ ሌላ ትዳር የነበራት፣ ልጆች የወለደች ሴት ናት። ይህን የጻፉልን መቅደላ ላይ ታስረው የነበሩ የውጭ ሰዎች ናቸው፣ እነ ራሳምና ዶክተር ብላንክ። ቁባት ተዉ ብሎ ያዘዘው ንጉሥ ነው እንግዲህ! አንተ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ በቴዎድሮስ ለመፍረድ አትቸኩል። አንተም በጉባኤ ፊት ቆመህ ቃል ገብተሃል። ቃሉን የሰማነው እኛ ነን፤ አሁን ቤትህ ውስጥ ያለውን የምታውቀው ግን ሚስትህ ናት።

ቴዎድሮስ ዘሬ ከሰሎሞን ነው ይል ነበር። ዘዳግም 17 ንጉሥ ሚስት እንዳያበዛ ይከለክላል፤ አንደኛ ነገሥት 11 ደግሞ ሰሎሞን 700 ሚስቶችና 300 ቁባቶች እንደነበሩት ይቆጥራል። ከእነዚያ ሁሉ ሴቶች በስም የምትጠራው የሮብዓም እናት፣ አሞናዊቷ ናዕማ ብቻ ናት። የሌሎቹ ቁጥራቸው ብቻ ተጻፈ።

የንጉሡ ልጅ አልጣሽም ከዚሁ ዕጣ አላመለጠችም። አባቷ መቅደላ ላይ ለያዘው ለሸዋው ልዑል ለምኒልክ ዳራት፤ እሷም እንደ ተዋበች ገመድ ሆነች ማለት ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው ሲያመልጥ ግን ሚስቱን እዚያው ትቷት ነው የሄደው። በኋላ ሸዋ ላይ ከባፈና ጋር፣ ከዚያም በ1875 ዓ.ም. ከጣይቱ ጋር ኖረ። የጣይቱን ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አልጣሽን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሽጉጡን ጠጣ። በመጨረሻው ሰዓት ከጥሩወርቅ ጋር ታርቆ ነበር ይባላል። የእንግሊዝ ጦር እሷንና ልጇን ይዞ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። እሷ ግን ታማ ነበር፤ ንጉሡ ከሞተ አንድ ወር ገደማ በኋላ መንገድ ላይ አረፈች። ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ተቀበረች። ልጁን እንግሊዝ አገር ወሰዱት። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቆይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል።

ይህን ሁሉ ለመልካሳዋ እናት ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ንጉሡ ምንም አልጠየቁም። «እናቱ መንገድ ላይ ስትሞት ልጁ ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉኝ።

ሰባት አልኳቸው።