የዶሮ መተንፈሻ አካላት የባክቴሪያ በሽታዎች ምርመራ (ካይሮ)

የዶሮን አፍንጫ፣ የአየር ቧንቧና የአየር ከረጢቶች የሚያጠቁ ባክቴሪያዎችን ለይቶ የማወቅ ሥራ ነው። የካይሮን ገበያ የሚመግቡት እንደ ቃልዩቢያና ሻርቂያ ያሉ የዴልታ ግዛቶች ናቸው። ቤተ ሙከራው ግን ለከተማዋ ቅርብ ነው፤ የእንስሳት ጤና ምርምር ኢንስቲትዩት የሚገኘው ከዓባይ ማዶ፣ በዶኪ ነው።

በግብፅ አስቸጋሪው ነገር ባክቴሪያውን ማግኘት ሳይሆን ከእርሱ በፊት ማን እንደገባ ማወቅ ነው። ኤች5ኤን1 የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. በ2006 ታየ፤ በ2008 ከአገሩ የማይጠፋ በሽታ መሆኑ ታወጀ፤ በ2011 ደግሞ ኤች9ኤን2 ተከተለ። በአማርኛ ፈንግል የሚባለው ኒውካስልም አለ። የእነዚህ በሽታዎች ቫይረስ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ሲያቆስለው ለባክቴሪያ መንገድ ይከፈታል። ስለዚህ የሚያስነጥስ መንጋ ሲያጋጥም መጀመሪያ የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ይጣራል። ይህ ለመርማሪውም ደኅንነት ነው፤ ኤች5ኤን1 በግብፅ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ከባክቴሪያዎቹ አታላዩ ኢ. ኮላይ ነው። በጤነኛ ዶሮ አንጀት ውስጥ ስለሚኖር ከሞተ ሰዓታት ካለፉት ዶሮ በተወሰደ ናሙና ላይ መብቀሉ አይቀርም። «ኢ. ኮላይ ተገኝቷል» ብሎ የሚያበቃ ውጤት ለአርቢው ብዙም አይጠቅምም። ናሙናው ገና ከሞተ ዶሮ ልብ፣ ጉበት ወይም አይብ መሳይ መግል ከቋጠረ የአየር ከረጢት፣ መድኃኒት ሳይጀመር ሊወሰድ ይገባል።

ማይኮፕላዝማ ጋሊሴፕቲከም በተቃራኒው ተደብቆ ይኖራል፤ ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላል ይተላለፋል። የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። በልዩ ማሳደጊያ ላይ የተጠበሰ እንቁላል የመሰለ ጥቃቅን ክምችት ይሠራል፤ ለዚህም ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ከላንቃ ስንጥቅ ወይም ከአየር ቧንቧ በተወሰደ ናሙና ላይ የሚሠራ ፒሲአር ይመረጣል። የደም ሴረም በቀለም ከተነከረ አንቲጅን ጋር የሚደባለቅበት ምርመራ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን በቅርቡ በተከተበ መንጋ ላይ በሐሰት ያስደነግጣል። ባልተከተበ መንጋም ቢሆን የሚታመነው የአንድ ዶሮ ሳይሆን የመንጋው ውጤት ነው።

ኮራይዛ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ፊትን ያሳብጣል፣ የሚሸት ንፍጥም ያመጣል። ባክቴሪያው ያለ ተጨማሪ ምግብ ስለማያድግ በደም ማሳደጊያው ላይ ይህን ምግብ የሚሰጠው ስታፊሎኮከስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ በመስመር ይዘራለታል፤ በዚያ መስመር ዙሪያ ብቻ ይበቅላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ቁጥር 70 የቁም ዶሮ ንግድን ቢከለክልም ሽያጩ አልቆመም። ከተለያየ እርባታ የመጡ ዶሮዎች በአንድ ቀፎ ሲታጎሩ በሽታው ከየት እንደመጣ መከታተል ያዳግታል።

በኢትዮጵያ ናሙና የሚመረምረው የሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሲሆን ዶሮ ኮሌራ ለተባለው የባክቴሪያ በሽታ ክትባት የሚያመርተው ደግሞ የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ነው። በገጠር ግን ዶሮ በድንገት ካለቀ ሁሉም ፈንግል ስለሚባል፣ ባክቴሪያው የገደለውም ሳይመረመር ይቀበራል።