የሰው ወርቅ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። መጽሐፌን ጽፌ ለመጨረስ ሁለት ዓመት በቃኝ። በውስጡ ላሰፈርኩት የሰው ግጥም ፈቃድ ፍለጋ ግን ሦስት ዓመት ዞርኩ። የማወጋችሁ የዚያን ዙረት ነገር ነው።

መጽሐፉ ስለ ሸክላ ዘመን ዘፈኖች ነው። አምሃ እሸቴ የመንግሥትን ብቸኛ የማሳተም መብት ደፍሮ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ እንደ ካይፋ ያሉ ሌሎች ሸክላ አሳታሚዎችም ሲከተሉ፣ አዲስ አበባ በዜማ እንዴት እንደሰከረች ታላላቆቻችሁ ነግረዋችኋል። እኔን የሚይዘኝ ግጥሙ ነው። ሃያ ዘፈን መረጥኩ፤ በየምዕራፉ ራስ ላይ የአንዱን ሙሉ ግጥም አስፍሬ ከሥር ልተነትን። ረቂቁን ይዤ አሳታሚ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «የግጥሞቹ ፈቃድ የታለ?» አለኝ።

«እነዚህማ አገር የሚያውቃቸው ግጥሞች ናቸው» አልኩት።

«አገር ያውቃቸዋል እንጂ የአገር አይደሉም።»

ቤቴ ገባሁና አዋጁን አነበብኩ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ደራሲ በሥራው የመጠቀም መብቱ በሕይወት ሳለ የራሱ ነው፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። በ1985 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ግጥም እስከ 2035 ዓ.ም. ባለቤት አለው ማለት ነው። ሕጉ በጸሐፊ ላይ በሩን አልዘጋም። ምንጩና የደራሲው ስም ተጠቅሶ፣ ልኩ ሳያልፍ፣ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል። ሁለት ስንኝ ወስዶ መተንተን ጥቅስ ነው። ዘፈኑን ከአዝማቹ እስከ መጨረሻው ገልብጦ ምዕራፍ ማስጌጥ ግን ጥቅስ አይባልም። እኔ ያደረግሁት ሁለተኛውን ነበር።

ተነሣሁ። የመጀመሪያው ጭንቅ ባለቤቱን ማወቁ ነበር። የያዝኳቸውን ሸክላዎች እያገላበጥኩ ባይ የዘፋኙ ስም በጉልህ አለ፤ በብዙዎቹ ላይ የገጣሚው ስም የለም። አንድ አንጋፋ ዘፋኝ፣ «ግጥሙን ያመጣልኝ አንድ መምህር ነበር፤ ስሙ ጠፋኝ» አሉኝ። አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ደግሞ የደበዘዘ ደረሰኝ አውጥተው፣ «ይኸው፣ ከፍዬ ገዝቼዋለሁ» አሉ። የገዙት ግን ቅጂውን፣ ማለትም ድምፁን ነው። ድምፁን ያስቀረጸ ሰው በድምፁ ላይ መብት ስላለው የግጥሙም ባለቤት ሆነ ማለት አይደለም። ይህን በትሕትና ለማስረዳት ሦስት ቡና ጠጣን።

ሁለተኛው ጭንቅ ወራሽ ነው። የአንዱ ገጣሚ አራት ልጆች ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዷ ስቶክሆልም ናቸው። የአንዱ ፊርማ ለሁሉም አይሆንም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ውክልና ከኤምባሲ እስኪመጣ አንድ ክረምት አለፈ። በመጨረሻ ሦስቱ ፈረሙ፤ አራተኛው በቤት ውርስ ከወንድሞቹ ጋር ተኳርፎ ኖሮ ዝም አለ። ዝምታ ፈቃድ አይደለምና ያንን ግጥም አወጣሁት። ሌላ ቤተሰብ መጽሐፉ ተሸጦ ቢያልቅ የማላገኘውን ገንዘብ ጠየቀኝ። አልተቀየምኳቸውም። አባታቸው በሕይወት ሳለ አምስት ሳንቲም ያልደረሰው ቤተሰብ፣ የመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ቢያይ ምን ይፈረድበታል?

አሁን ወደ ጉለሌ ልውሰዳችሁ። ስሙ ጠፋ የተባለውን መምህር በሰው በሰው ብፈልግ የሴት ልጁ ቤት ደረስኩ። የመጣሁበትን ስነግራት አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዛለች። ከፈተችው። ያ ሁላችንም የምናዜመው ዘፈን በአባቷ እጅ ጽሑፍ፣ ከነስርዝ ድልዙ፣ ፊቴ ላይ ተዘረጋ።

«ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ‹የኔ ነው› ይል ነበር» አለችኝ። «ጎረቤት ይስቅበት ነበር። በኋላ መናገሩን ተወው።»

ረቂቄን አውጥቼ ከደብተሩ ጋር አስተያየሁት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንድ ቃል ይለያያል። ከሸክላው አጥርቼ ሳልሰማው ጽፌው፣ በተሳሳተው ቃል ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ትንታኔ ደርድሬበት ነበር። ሳልጠይቅ ባሳትመው ኖሮ የሰውየውን ስም ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም እቀብርበት ነበር።

«ስንት ልክፈል?» አልኳት።

«ገንዘቡን ተወው። ስሙን ግን ከግጥሙ በላይ ጻፍልኝ። ከሥር በደቃቁ አይደለም፤ ከላይ።»

ከሃያው ግጥም አሥራ አንዱ በፊርማ ጸደቀ። ከቀሩት ዘጠኝ አራቱን በሁለት ሁለት ስንኝ ጥቅስ አስቀረሁ፤ አምስቱን ከነምዕራፋቸው አወጣሁ። መጽሐፉ ሳሳ፣ ግን ንጹሕ ሆነ። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት እውነት ነው፤ ለምኖና አስፈቅዶ የተዋሱት ወርቅ ግን ባለቤቱንም ያደምቃል።

ወንድሜ ጸሐፊ፣ እህቴ ጸሐፊ፣ ፈቃድ መጠየቅን መጽሐፉ ካለቀ በኋላ አታድርጉት፤ ግጥሙን በመረጣችሁበት ቀን ጀምሩ። የትኛውን ሥራ፣ ስንት ስንኝ፣ በምን ያህል ቅጂ፣ በወረቀት ብቻ ይሁን በኢንተርኔትም እንደምታወጡት ለይታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እናንተም የገጣሚ ልጆች፣ ደብተሩ ዛሬም ጓዳ ካለ አይጥ ሳይቀድማችሁ አውጡት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአባታችሁን ሙሉ ስም፣ የተጻፈበትን ዓመትና እናንተ የምትገኙበትን አድራሻ ጻፉበት። አንድ ቀን የሚያንኳኳ ሰው ይመጣል።